ይከፈት ያልነው ቴስታታ

አባታችን ያረፈ ጊዜ ለሁለት ወንድማማቾች አንድ ላንድሮቨር ትቶልን ሄደ። መሬት ቢሆን በገመድ ይከፈላል፤ ላም ብትሆን በተራ ትታለባለች። ላንድሮቨር ግን አይከፈል፣ አይታለብ። እንሽጠው ብንል ደግሞ ገዢ የሚጠራው ዋጋ የጎማዎቹን አይሞላም። ስለዚህ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ጠላ ተቀዳ፣ ውል ተጻፈ። ከወሩ 1 እስከ 15 ዳንግላ ታላቅ ወንድሜ ዘንድ፣ ከ16 እስከ 30 ኢንጂባራ እኔ ዘንድ ትውላለች ተባለ። ወራችን ድፍን 30 ቀን በመሆኑ አምላኬን ያመሰገንኩት ያን ቀን ነው። ጳጉሜን ለማን ትድረስ የሚለው ብቻ አንድ ከሰዓት ሙሉ አከራከረ፤ በመጨረሻ አንዱ ሽማግሌ “ጳጉሜንስ ትረፍ፤ እሷም ነፍስ አላት” ብለው ዘጉት።

ውሉ የቤንዚኑን፣ የጎማውን፣ የትራፊክ ቅጣቱን ነገር አንድ በአንድ ዘርዝሯል። ስለ ራዲያተር ክዳን ግን አንድም ቃል የለበትም። ይህችን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ። ወንድሜ ይህን ጽሑፍ እንደሚያነብ ስለማውቅም ከወዲሁ ይቅርታውን እንዲያዘጋጅ እለምነዋለሁ።

መኪናዋ እንግሊዞች ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የሠሯት፣ ሲሪየስ ሦስት የምትባለዋ ላንድሮቨር ናት፤ 4 ሲሊንደር፣ 2,286 ሲሲ፣ ቤንዚን ጠጪ። አባቴ ከአንድ መሥሪያ ቤት በሐራጅ ነው የገዛት። የመጀመሪያ ቀለሟ ምን እንደነበር በቤተሰቡ ውስጥ ሁለት ወገን አለ፤ ወንድሜ አረንጓዴ ይላል፣ እኔ ሰማያዊ እላለሁ። እናታችን ከሁለታችንም አይደለችም፤ “ዝገት ነው፤ ስትገዛም እንዲሁ ነበረች” ትላለች። ዳንግላ የወንድሜ ጎረቤት የሆነ አንድ የቮልስ ባለቤት ደግሞ ባየን ቁጥር “የእኔዋን የሚያቀዘቅዛት ንፋስ ነው፤ ውሃ የሌለው ሰው ውሃ አያልቅበትም” እያለ ያበሽቀናል። እውነቱን ነው። የሚያበሽቀንም እውነቱ ነው።

ቀኑ ቅዳሜ፣ የወሩም 16 ነበር። ጠዋት በሚኒባስ ዳንግላ ወርጄ ቁልፍ ተረከብኩ። ወንድሜ እንደ ልማዱ ሦስት ጊዜ ዞራት፣ ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ አደረገና “እንዳለች ተረከብ” አለኝ። ከዳንግላ ኢንጂባራ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን ሽቅብ ነው። ዳንግላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትሩን ትንሽ ታልፋለች፣ ኢንጂባራ 2,500ውን። ከፍታ ደግሞ የራሱ ግብር አለው። አየሩ ስለሚሳሳ እኛ ዘንድ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ነው። ባለቤቴ ለቁርስ የጣደችው የባቄላ ንፍሮ ለምሳ የሚደርሰውና የላንድሮቨሯ ራዲያተር ዳገት ባየ ቁጥር ለመንተክተክ የሚቸኩለው በዚሁ በአንድ ምክንያት ነው።

መንገዴ ላይ ያለችው አዲስ ቅዳም፣ ስሟ እንደሚመሰክረው፣ ገበያዋ ቅዳሜ ነው። ድንች በአህያ፣ ዶሮ በብብት፤ በመንገዱ ዳር ደግሞ የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ፣ አራት አምስት ዓመት ጠብቆ፣ አክስሎ ያወጣውን ከሰል እስከ ሰማይ የጫኑ ኢሱዙዎች። በዚህ ሁሉ መሃል የእኔዋ ከኮፈኗ ሥር እንፋሎት ለቀቀችና ቆመች።

ገበያተኛ እንዲህ ያለ ትርኢት በነፃ ሁልጊዜ አያገኝም። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሃያ ሰው ከበበኝ፤ በአማርኛም በአዊኛም ሃያ ምክር ወረደ። እንቁላል የምትሸጥ አንዲት እናት “ሁለት ሰብረህ ጨምርበት፣ የኔ ልጅ፤ ቀዳዳ ካለው ይደፍንልሃል” አለችኝ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የእንቁላል ነጭ የጋለ ውሃ ውስጥ ረግቶ ትንሽ ሽንቁር እንደሚይዝ የድሮ ሾፌር ሁሉ ያውቃል። ምክሯን እንድጠራጠር ያደረገኝ ወዲያው ዋጋ መጥራቷ ነው። ከሰዉ ኋላ አንድ ፈረሰኛ ከነግርማው ቆሞ ቁልቁል ያየኛል። የአገው ሰው ከፈረሱ ሳይወርድ የቆመ መኪና ሲያይ ፊቱ ላይ የሚነበበውን ነገር ሌላ ቦታ አላየሁትም። የፈረሰኞቹ ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ ጥር 23 ኢንጂባራ ላይ ሲወጡ ያየ ሰው ምን እያልኩ እንደሆነ ይገባዋል።

“ሞተሩ የስንት ፈረስ ጉልበት ነው?” አለኝ።

“ሰባ ገደማ።”

“ሰባውም ባንድ ቀን ታመሙ?” አለና ፈረሱን ኮልኩሎ ሄደ።

እኔ ያኔ ሊቅ ነኝ። የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዤ ቀስ እያልኩ ፈታሁና (ማንም እንዳይደግመው፤ የጋለ ራዲያተር ፊት ይጠብሳል) መቀመጫ ሥር ወረወርኩት። ቀጠልኩና የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታሁ። ውስጡ ላይ ቡናማ ወፍራም አረፋ ተጋግሯል። ማኪያቶ! ባሕር ዳር ካፌ ውስጥ ቢያቀርቡልኝ ስኳር እጨምርበት ነበር። ማኪያቶ ማለት ደግሞ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል ማለት ነው፤ ውሃና ዘይት ተገናኙ ማለት የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል ማለት ነው። ይህን ማንም ያውቃል። ስልኬን አወጣሁ።

“አያ፣ ጓርኒሲዮን አቃጥለህ ነው ያስረከብከኝ።”

“ማን? እኔ? ከእጄ ስትወጣ ጤነኛ ነበረች። አንተ ነህ ግማሽ ሰዓት ሳትነዳ የገደልካት።”

“ማኪያቶው እኮ የዛሬ አይደለም፤ ጋግሯል!”

“የምን ማኪያቶ? ሥራ ላይ ነኝ፤ ቡና መጠጫ ጊዜ የለኝም” ብሎ ዘጋው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ግን፣ ከሰል የጫነ ኢሱዙ በገመድ ጎትቶ ኢንጂባራ ሲያደርሰኝ፣ ወንድሜ በሚኒባስ ቀድሞኝ ጋራዡ በር ላይ እጁን አጣምሮ ቆሞ አገኘሁት።

መካኒካችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እንግሊዝ የሠራውን መኪና በጃፓን ቁልፍ እየፈቱ በጣልያንኛ ስም የሚጠሩ ሰው ናቸው። ጣልያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሲባረር ቃላቱን ጋራዥ ውስጥ ረስቷቸው ሄደ፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ፍሪሲዮን፣ ካላማዳሪያ፣ ጓርኒሲዮን። ቴስታታም ከዚያው ነው፤ የሞተሩ ራስ ማለት ነው። የሰፈር ጎረምሶች ቴስታ ብለው የሚማቱትም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው፤ ያን ቀን ወንድሜና እኔ ወደዚያኛው ትርጉም ልናልፍ ትንሽ ነበር የቀረን።

ጋሼ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዘው በጨርቅ ጠረጉት፤ መልሰው ከተው አወጡት። ጥቁር። ንጹሕ ጥቁር ዘይት። በጣታቸው አሻሹት፣ አሸተቱት።

“ዘይቱ ደህና ነው። ክዳኑ ላይ ያያችሁት ላብ ነው። ኢንጂባራ ብርድ ነው፣ ጭጋግ ነው፤ እናንተ ደግሞ ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ገበያ እያላችሁ ሞተሩ ሳይግል ታጠፉታላችሁ። እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ክዳን ላይ ይወዛል፣ ከዘይት ጋር ይላወሳል፣ አረፋ ይሆናል። መጀመሪያ ውሃ እንሙላና እናስነሳው፤ ራዲያተሩ ውስጥ ፊኛ ፊኛ ካለ ያኔ እንነጋገራለን። የራዲያተሩ ክዳን የት አለ?”

የራዲያተሩ ክዳን የት እንዳለ ማንም አልመለሰላቸውም፤ ሁለታችንም አንድ ላይ እየተናገርን ነበር። “ይከፈት!” ነው የምንለው። ጓርኒሲዮኑ ከቆየ መቃጠሉን አይተው እንዲመሰክሩልኝ እፈልጋለሁ፤ ወንድሜ ደግሞ ዛሬ ትኩስ መቃጠሉን አይተው እንዲመሰክሩለት ይፈልጋል። የሁለታችንም ማስረጃ ቴስታታው ሥር ነው። ጋሼ ወደ ሰማይ አዩ፤ ወደ እኛ አዩ፤ “የአባታችሁ ልጆች ናችሁ” አሉና 19 ቁልፍ አነሡ።

የቴስታታዋ ብሎኖች ራስ ሦስት አራተኛ ኢንች ነው፤ ይህ 19.05 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የቶዮታው 19 ቁልፍ እንደ ጓንት ይገባበታል። ትንንሾቹ ብሎኖች ግን ራሳቸው ግማሽ ኢንች ነው፤ 12.7። እዚያ ላይ 13 ቁልፍ ያስገባ ሰው የምትቀረውን ሦስት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ይንቃታል፤ እሷ ግን አትንቀውም። ብሎኑን አክብባ ትሰጠዋለች። ጋሼ ለነዚህ ብቻ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ የኢንች ቁልፍ አላቸው፤ ለማንም አያበድሩትም፤ ሲያወጡት ታቦት የሚያወጡ ነው የሚመስለው። ቫልቮላዎቹን የሚገፉትን 8 ረጃጅም ዘንጎች አንድ በአንድ መዘው 8 ቀዳዳ በበሱት የቀርከሃ ግንድ ላይ በተራ ሰኳቸው። ቀርከሃ በአገራችን ለወንበርም ለአጥርም ይሆናል፤ ለዚህ ሲሆን ያየሁት እሳቸው ጋ ብቻ ነው። “እያንዳንዱ ዘንግ ከኖረበት ጉድጓድ ጋር ተላምዷል” አሉ። “አቀያይሮ የመለሰ ሰው ሁሉንም አጣላ።”

በሥራው መሃል ወንድሜ ክርክሩን ወደ ታሪክ ወሰደው። ዳንግላ ለእንግሊዝ ዕቃ እንግዳ አይደለችም፣ የእንግሊዝ ቆንስላ የነበረው እዚያ ነው፣ ስለዚህ ዳንግላዎች እንግሊዝ የሠራውን መኪና መያዝ ያውቁበታል ነው ነገሩ። ቆንስላው እውነት ነው፤ ሻለቃ ቺዝማን የሚባለው ሰው ከ1918 እስከ 1926 ዓ.ም. ገደማ ዳንግላ ተቀምጦ ነው ጣናንና አባይን ያጠናው። “እሱ ግን አባይን የዞረው በበቅሎ ነበር” አልኩት። ጋሼ ሳቃቸውን በሳል አሳለፉት።

የዚያ ሞተር ቴስታታ ጠቅላላው ብረት ነው፤ አንድ ሰው አያነሣውም። “በዚህ አንተ ያዝ፣ በዚያ አንተ። ሳትገፉ፣ ሳትጎትቱ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ። አንድ፣ ሁለት…” ውሉ ከተጻፈ ወዲህ ወንድሜና እኔ በአንድ ቃል የታዘዝነው የዚያን ቅጽበት ነው። ቴስታታው ጧ ብሎ ተላቀቀ። ጋሼ ጎንበስ አሉ። በአውራ ጣታቸው በሁለቱ መካከለኛ ሲሊንደሮች መሃል ያለችውን ቀጭኗን ስፍራ፣ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትቃጠለውን፣ ዳሰሷት። ከዚያ የውሃ ቀዳዳዎቹን ዙሪያ። ከዚያ የዘይቷን።

“ደህና ነበር” አሉ።

“ነበር” የምትለው ቃል እንዲህ ከባድ መሆኗን አላውቅም ነበር።

ምን እንዳደረግን ለመረዳት ጓርኒሲዮን ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያች አንድ ሚሊ ሜትር ዘለግ በምትል ስስ ቅጠል በኩል ሦስት ጠላቶች ጎን ለጎን ያልፋሉ፤ ከ2,000 ዲግሪ በላይ የሚግል እሳት፣ እሳቱን ሊያጠፋ የሚመኝ ውሃ፣ ውሃ ሲያይ የሚበላሽ ዘይት። ቅጠሏ ሥራዋ አንድ ነው፤ ከላይ ቴስታታው፣ ከታች ሞኖብሎኩ (የሞተሩ ገላ) እየተጫኗት ሦስቱን እንዳይገናኙ መያዝ። የእኛ አገር ሽማግሌ ማለት ናት። ባልና ሚስት መሃል የተቀመጠ ሽማግሌ ከሁለቱም ወገን ይጨመቃል፤ የአንዱን እሳት ለሌላው አያሳልፍም፤ ሲጨመቅም የሁለቱን ቅርጽ ይይዛል። አንዴ ያን ቅርጽ ከያዘ በኋላ አንሥተህ ሌላ ቤት ብትወስደው አይገጥምም። ያው ቤት ብትመልሰውስ? ጥያቄው ይኼ ነበር። አዲስ ጓርኒሲዮን ልስላሴ አለው፤ ሲጠብቅ ይተኛል፣ ጉድጓዱንም ጉብታውንም ይሞላል። አንዴ የተኛ ግን እንደ ስፕሪንግ ተመልሶ አይነሣም። ስለዚህ በሁሉም መጽሐፍ ላይ ሕጉ አንድ ነው፤ ቴስታታ ከተከፈተ ጓርኒሲዮኑ ይጣላል፣ አዲስ ይገባል።

አዲሱ ከየት ይምጣ? ዳንግላም ኢንጂባራም የኢሱዙና የቶዮታ አገር ናቸው። አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ተደወለ። የመኪና ዕቃ ሶማሌ ተራ ከጠፋ ገና አልተሠራም ማለት ነው ይባላል። አንድ ባለሱቅ “የላንድሮቨር ቴስታታ ጓርኒሲዮን? አለኝ! ኦርጅናል! ከነካርቶኑ!” አለ። ገንዘቡ ተላከ፤ ዕቃው በሦስተኛው ቀን በአውቶቡስ መጣ። ካርቶኑ እውነትም ኦርጅናል ነው። ጋሼ አውጥተው ሞኖብሎኩ ላይ ሲያስተኙት የናፍጣው ሞተር ሆኖ ተገኘ። ባለሱቁ ስንደውልለት “ታዲያ ላንድሮቨር አይደለም እንዴ?” አለን። ከዚያ በኋላ ስልኩ አይነሣም።

የዚያን ዕለት ማታ ጋራዡ በር ላይ ቡና ተፈልቶ ጉባኤ ተቀመጥን። ደህና ነበር የተባለው አሮጌ ጓርኒሲዮን በጋዜጣ ላይ ተዘርግቶ መሃላችን አለ። እኔ ሕጉን ጠቀስኩ፤ አንዴ ብቻ። ወንድሜ ስኒውን አስቀመጠና እስከ ዛሬ የምቀናበትን ነገር ተናገረ።

“አንዱን ቡና ሦስት ጊዜ የምናፈላ ሕዝብ ነን። ጎማውን በረባሶ፣ በርሜሉን ምድጃ፣ ጀሪካኑን እንስራ ያደረግን ነን። ይህን አንዴ ተጠቅመህ ጣል ያለህ ሰው ማነው? አቦሉን ጠጥተናል፤ ቶናውን እንሞክር።”

ጋሼ ሳቁ፤ ግን እምቢም አላሉም። ድሮ፣ አዲስ ዕቃ ወር በሚጠበቅበት ዘመን፣ ለጭነት መኪና ሳይቀር ቶና ይደረግ እንደነበር ነገሩን። ወንድሜ በዚህ ልቡ ሞቀና “እንግዲያው በከሰል እናግለው፤ መዳብ ሲግል ይለሰልሳል ሲሉ ሰምቻለሁ” አለ። ከሰል እንደሆነ ሞልቷል። አጠገባችን ቡና ይዞ የተቀመጠው ቀጥቃጭ ግን በዚህ ተቆጣ፤ ዕድሜ ልኩን ማጭድ የሠራ ሰው ነው። “የጋለ ነገር ውሃ ሲገባ ይጠነክራል እንጂ ይለሰልሳል እንዴ? አንተ ሰው፣ ከሥራዬ ልታስወጣኝ ነው?” ሁለቱም ልክ ነበሩ። ብረት፣ የማጭዱ ዓይነት፣ ግሎ ውሃ ሲገባ ይጠነክራል። መዳብ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አግለህ ውሃ ብትነክረው እንደ ቆዳ ይለሰልስልሃል። ድፍን የመዳብ ጓርኒሲዮን በዚህ መንገድ ደጋግሞ ይታደሳል። ጋሼ ሁለቱንም ሰሙና ጓርኒሲዮኑን በጠርዙ አሳዩን፤ ከላይ ከታች መዳብ፣ መሃሉ ላይ ግራጫ።

“ይህ ሳንዱች ነው። መሃሉ አስቤስቶስ ነው። ከሰል ላይ ብትጥለው የሚታደስ ነገር የለም። ደግሞ እንዳትፍቁት። አቧራው ለሳንባ መርዝ ነው፤ እኛ ድሮ ሳናውቅ በአፋችን እፍ ስንለው ኖረናል።” ትንሽ ዝም አሉ። አብረዋቸው እፍ ካሉት መሃል ዛሬ የሌሉ ሰዎችን የሚቆጥሩ መሰለኝ። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ አመጡና ራሳቸው በቀስታ ጠረጉት።

በማግስቱ ጠዋት ቅድመ ሁኔታቸውን ነገሩን። ቶናው የሚሠራው ይህች ሞተር ስለሆነች ብቻ ነው፤ ቴስታታዋም ሞኖብሎኳም ብረት ስለሆኑ ሲግሉ እኩል ይሰፋሉ፣ ሲበርዱ እኩል ይሰበሰባሉ፤ እመቃዋም ዝቅተኛ ነው፣ 7 ለ1 ገደማ። የዛሬ መኪና፣ አሉሚኒየም ቴስታታ ያለው ቢሆን ኖሮ ሞክሩ አይሉንም ነበር። ቀጥሎ የቴስታታው ፊት ቀጥ ማለቱ ታየ። የብረት ማስመሪያ በጠርዙ አቁመው በቁመት፣ በወርድ፣ በሰያፍ እየዘረጉ ከሥሩ የ0.1 ሚሊ ሜትሯን ስስ ቅጠል ሊያስገቡ ሞከሩ፤ አልገባችም። “አልተጣመመም። ቶርኖ ቤት ሄዶ መላጥ አያስፈልገውም” አሉ። የብሎን ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ በጨርቅ አደረቁ፤ ጉድጓድ ውስጥ ዘይት ወይም ውሃ ከቀረ ብሎኑ ሲገባ መሄጃ ያጣና ሞኖብሎኩን ይሰነጥቃል። ጓርኒሲዮኑን በሁለቱም ፊቱ የብር ቀለም፣ የአሉሚኒየሙን፣ ስስ አድርገው ቀቡትና ፀሐይ ላይ ሰቀሉት። የኢንጂባራ ፀሐይ ለሃያ ደቂቃ ብቅ አለች፤ ለወትሮው ያን ያህልም አትቆይም። የተኛበት ፊት እንዳይዞር በኖራ ምልክት አድርገውበት ስለነበር በዚያው በኖረበት አቅጣጫ መለሱት።

ቴስታታውን ወንድሜና እኔ አነሣነው። አንድ፣ ሁለት።

ማጥበቁ እንደ እንጀራ ነው፤ ግን በተቃራኒው። እንጀራ ከዳር ተጀምሮ ወደ መሃል ይዞራል፤ ቴስታታ ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር ይጠብቃል፤ ቅጠሉ ሲተኛ እጥፋቱ ወደ ውጭ እንዲሄድ ነው። ደግሞ በአንዴ አይደለም። ጋሼ በየብሎኑ ላይ ቁጥር በኖራ ጻፉና ቶርክ ሬንቹን ሰጡን፤ ጎዶሎ ቁጥሩን እኔ፣ ሙሉውን ወንድሜ። በመጀመሪያው ዙር ለስለስ፣ በሁለተኛው ጠንከር፣ በሦስተኛው እስከ ልኩ። የእንግሊዞቹ ልክ 65 ፓውንድ በጫማ ነው፤ ወደ 9 ኪሎ በሜትር፣ ማለትም አንድ ሜትር በሚረዝም እጀታ ጫፍ ላይ 9 ኪሎ ጤፍ እንደማንጠልጠል ያለ ጉልበት። ወንድሜ አንዱን ብሎን ከልኩ አሳለፈው። እኔ ለማስተካከል የጎረቤቱን ልጨምር ስል ጋሼ እጄን ያዙ። “እሱ ባጠበቀው ላይ አንተ አታጥብቅ። ይላላና በልኩ ይመለሳል።” ላላና ተመለሰ።

ሁሉም ተገጥሞ ውሃ ሲሞላ ጋሼ እጃቸውን ዘረጉ። “አሁንስ የራዲያተሩን ክዳን አምጡልኝ።”

ከመቀመጫው ሥር አውጥቼ ሰጠኋቸው። ገለበጡት። የራዲያተር ክዳን እንዲያው መክደኛ አይደለም፤ ስፕሪንግና ጎማ ያለው ግፊት ጠባቂ ነው። ግፊቱን ሲይዝ ውሃው እንኳን በ92 በ100 ዲግሪም አይፈላም። ጎማው ከደረቀ ግን ግፊቱ ያመልጣል፤ ያኔ ራዲያተሩ ተራ ድስት ይሆናል፤ አዲስ ቅዳም ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ክዳኑ ላይ የፋብሪካው ጎማ የለም። በምትኩ ከካላማዳሪያ በምላጭ የተቆረጠ፣ ያልተስተካከለ፣ ደርቆ የተሰነጠቀ ክብ ጎማ አለ። በአንድ ጠርዙ ላይ የቀይ ልጥፍ ግማሽ ይታያል።

እዚህ ላይ ነው ይቅርታውን አዘጋጅ ያልኩት፣ አያ። ያን ጎማ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ካቻምና ክረምት፣ በእኔ ሁለት ሳምንት፣ የፋብሪካው ጎማ ተበጣጥሶ አገኘሁት። አዲስ ክዳን ከባሕር ዳር ማስመጣት አሰልቺ ሆነብኝ። ካላማዳሪያውን የሰጡኝ ጋሼ ናቸው፤ ለልጄ ወንጭፍ ይሁን ብለው፣ ቀይ ልጥፍ ያለበትን። ከወንጭፉ የተረፈውን በስኒ ልክ ቆርጬ ክዳኑ ውስጥ ከተትኩና ረሳሁት። እውነቱን ለመናገር ረሳሁት ማለት ይከብዳል። ራዲያተሩ ውሃ መቀነስ የጀመረ ሰሞን ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ለርክክቡ ሁለት ቀን ብቻ ስለቀረው ግን አሳለፍኩት።

ጋሼ ቀዩን ልጥፍ አዩ። ቀና ብለው እኔን አዩ። አንዴ ብቻ። ወንድሜ ከጎናቸው “ምን ሆኗል?” እያለ አንገቱን ያሰግጋል። “አርጅቷል” አሉና ጎማዋን መዘው የቱታቸው ኪስ ውስጥ ከተቷት። ቀኝ ኪሳቸው ውስጥ። አስታውሳለሁ።

አዲስ ክዳን ከባሕር ዳር እስኪመጣ ሌላ ሁለት ቀን አለፈ። ከዚያ ተነሣች። ጭስ የለ፣ ፊኛ የለ፣ ራዲያተሩም ውሃውን ያዘ። ወንድሜ ቶናው ሠራ ብሎ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። ጋሼ ጣታቸውን አነሡበት። “በረካ የለውም። ከአሁን በኋላ ከተከፈተች አዲስ ካልመጣ አልዘጋትም። ደግሞ አልጨረስንም። የተመለሰ ጓርኒሲዮን ሲግልና ሲበርድ ይላላል፤ 500 ኪሎ ሜትር ስትነዱ መጥታችሁ እንደገና እናጠብቃለን። ሁለታችሁም።”

“ለማጥበቅ እኮ አንድ ሰው ይበቃል” አለ ወንድሜ።

“ሁለታችሁም” አሉ።

ከኢንጂባራ ዳንግላ ደርሶ መልስ 80 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስድስቴ ብንመላለስ 500 ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። መቼም እንዲህ ቶሎ ቶሎ ተጠያይቀን አናውቅም። ወንድሜ በየማታው እየደወለ “ዘይቱ ምን መልክ አለው?” ይለኛል፤ እኔም በእሱ ተራ እንዲሁ። ክዳኑ ላይ ላብ አየሁ ሲለኝ “እሱ ብርድ ነው፣ ዳንግላም ይበርዳል እንዴ?” እለዋለሁ።

ቀኑ ሲደርስ ሞተሩ ሙሉ ለሙሉ በርዶ እንዲያድር አደረግንና በጠዋት ሄድን። ጋሼ ኖራቸውንና ቶርክ ሬንቹን አዘጋጅተው ይጠብቁናል። ከመሃል ጀመርን፤ ጎዶሎውን እኔ፣ ሙሉውን እሱ። ሁሉም ብሎን ትንሽ ትንሽ ዞረ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ወንድሜ ድንገት ቀና ብሎ፣ እንደ ዋዛ፣ “ጋሼ፣ ያችን የክዳኑን ጎማ ግን ማን ነው የቆረጣት?” አላቸው።

ጋሼ እጃቸው ወደ ቀኝ ኪሳቸው ሄደ። ከኪሳቸው መሃረብ አወጡና አፍንጫቸውን ጠረጉ።

“ስምንተኛውን ያዝልኝ፣ ልጄ” አሉት። “የአንተ ተራ ነው።”